ጠብቆ የተነበበ ጥልፍ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ። እኔ ሁለቱም አሉኝ፤ ቂሙም ሳሉም። ለስርቆት እግሬ አልፈጠነም፣ ለጸሎትም ልቤ አልቀናም፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሥራ ያዝኩ። ጥልፍ ጠላፊ ሆንኩ።

በደርግ ጊዜ ከወሎ በአውቶቡስ ተጭነን አሶሳ ስንራገፍ አዲስ ሚስት ያገባሁ ጎረምሳ ነበርኩ። እንኳን ጥልፍ፣ የገዛ ሸሚዜን ቁልፍ መትከል አላውቅም። እኔ አገሩን ሳልለምደው ወባ ቀድማ ለመደችኝ። ሌላው ሰፋሪ ቀርከሃ ቆርጦ ቤት ሲያቆም፣ መሬት ሲመነጥር፣ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጥርሴን አንቀጫቅጫለሁ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ እጄን አይለቀውም፤ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባትም። «እንዲህ በከንቱ ከሚንቀጠቀጥ መርፌ ይዞ ይንቀጥቀጥ» ብላ የጀመረችውን የትራስ ልብስ ጭኔ ላይ ወረወረችው።

የመጀመሪያ ሥራዬ እርግብ ነበረች። ባለቤቴ አገላብጣ አየችና «እርግብ ናት ወይስ እንዳንተ ወባ የያዛት ዶሮ?» አለች። ያም ሆኖ ተኛንባት።

ያን ጊዜ የሰፋሪ ቤት ሁሉ አንድ ነው። ሣር ክዳን፣ ጭቃ ግድግዳ፣ በመስመር የተደረደረ። አንዳንዴ ሰው አምሽቶ ሲመጣ የጎረቤቱን ቤት የራሱ መስሎት ይገባል። ቤትን ከቤት የሚለየው ጥልፉ ብቻ ነበር። ሬዲዮ ያለው ሰው ልጆቹን ሳያለብስ ሬዲዮኑን ያለብሳል፤ አቡጀዲው ዙሪያውን ተዘምዝሞ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ወፎች አፍ ለአፍ ገጥመው። ትራሱ ላይ «መልካም እንቅልፍ»፣ የበሩ መጋረጃ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይባላል። ማንበብ የማይችለውም ይሰቅላል። አንዱ ጎረቤታችን «መልካም እንቅልፍ» የሚለውን በሩ ላይ ሰቅሎ ስንት ጊዜ እንግዳውን እንደመለሰ ዛሬም ያስቀኛል።

መርፌን በእውነት ያስተማረችኝ ግን ከአገሬው ሰው፣ ከበርታዎቹ የሆነች ጎረቤታችን ናት። እኛ ከወሎ ይዘነው የመጣነው ጥልፍ ዙሪያውን ብቻ ይሄድና መሐሉን ባዶ ይተወዋል። የእሷ አንሶላ፣ ሚላያ የሚሉት፣ ለሙሽራ አልጋ የሚዘጋጀው፣ እንዲያ አይደለም። አበባው፣ ወፉ፣ ቅጠሉ እስከ አፉ በክር ይሞላል፤ ጥልፉ ላይ እጅህን ስታሳርፍ የእህል ክምር የነካህ ይመስልሃል። የእኔን ሥራ ስታይ ራሷን ነቀነቀች። «አንቺ፣ አበባ ሆዱ ባዶ ነው። ራበው!» አለችኝ።

አንቺ ስላለችኝ አልከፋኝም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ባሏንም፣ አህያዋንም፣ የቀበሌውን ሊቀመንበርም አንቺ ነበር የምትለው። የእኔ በርታኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በበርታኛ ሰላም ስል ከሰው ይልቅ ፍየል ነው ዞሮ የሚያየኝ። ስለዚህ እሷ አንቺ ትለኛለች፣ እኔ እሽ እላለሁ፣ አበባዬም ቀስ በቀስ ሆዱ ሞላ።

አሁን ወደ ጠላቴ ልምጣ።

ከአንድ ቀበሌ በአንድ አውቶቡስ ነው የመጣነው። አጠገቤ ነበር የተቀመጠው፤ መንገድ ላይ ጭኔ ላይ አስመልሶብኛል። ያንን ይቅር ብየዋለሁ፤ የእግዜር ነገር ነው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ። በአገራችን ደንብ አያ ብሎ ሊጠራኝ ይገባ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ይለኝ ነበር።

ያ ቀን የገበያ ቀን ነው። ወባዋ ከእርሻ አስቀርታኝ፣ በመርፌ የማገኛት ሳንቲም የጓዳችንን ቀዳዳ መድፈን ጀምራ፣ ገበያው ዳር ማንጎ ዛፍ ሥር አንድ የትራስ ልብስ ዘርግቼ እጠልፋለሁ። እሱ እህል መነገድ ጀምሮ፣ አዲስ ባርኔጣ አድርጎ፣ ከኋላው ሸካሚዎች አስከትሎ መጣ። ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«እትዬ መርፌ! እንዴት ዋልሽ?» አለ።

ሸካሚዎቹ ሳቁ። በርበሬ ሻጯ ሳቀች። አንድ የሰፋሪ ሽማግሌ ምርኩዛቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔስ ምን አደረግሁ? ለመነሳት ስፈልግ ለካ ጥልፉን ከሱሪዬ ጋር አብሬ ሰፍቼዋለሁ፤ የትራስ ልብሱ ከጭኔ ተንጠልጥሎ ቆምኩ። ሳቁ እጥፍ ሆነ።

የበርታ ጎረቤቴ አንቺ ስትለኝ ቋንቋው ነው። እሱ ግን በአማርኛ ተወልዶ በአማርኛ ያደገ ሰው ነው፤ አንተና አንቺን ለይቶ፣ መርጦ፣ አሹሎ ነው የወጋኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እሱስ አልረሳም፤ ባገኘኝ ቁጥር ደገመው እንጂ።

ስሙ ከእኔ ፈጠነ። ሰፈሩ ያዘው፣ ከዚያ ገበያው፣ ከዚያ ከተማው። ባጃጅ ሲመጣ ባለ ባጃጁ «እትዬ፣ ወዴት ነሽ?» ይለኛል፤ ጢሜን እያየ። ባለቤቴ ሳትቀር፣ ስትናደድብኝ፣ «እትዬ መርፌ፣ እራት ቀርቧል» ትል ነበር። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የአያትህን ስም ተናገር ሲባል «እትዬ» ብሎ መምህሩን ግራ አጋባ። እኔም አንዴ ክሊኒክ ተራ ስጠብቅ ነርሷ «እትዬ መርፌ» ብላ ስትጣራ «አቤት» ብዬ ተነሳሁ። ሴትዮዋ መርፌ የምትወጋውን ባልደረባዋን ነበር የምትጠራው።

ሳቅኩ፣ ከሁሉ ጋር ሳቅኩ። ግን አንድ ነገር ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ሰው ሲሞት በየመንገዱ እየዞረ ነው የሚለፍፈው። ሰው ደግሞ በሚታወቅበት ስም ካልተጠራ ቀብር የሚወጣለት የለም። አንድ ማለዳ ጡሩምባው ጮሆ «እትዬ መርፌ አርፋለችና ቀብር ውጡ!» ሲል በጆሮዬ ይሰማኛል። አርፋለች! ሰው በቁሙ ቢቀለድበት ይመልሳል፤ ሞቶ ምን ይመልሳል? ሳልሞት በፊት ያ ስም ከላዬ መውረድ ነበረበት፤ የሚያወርደውም የጫነው ሰው ራሱ እንዲሆን ፈለግሁ።

ባለፈው ክረምት ያ ሰው ደጄ መጣ።

«እትዬ መርፌ፣ አለሽ?»

«የለችም» አልኩት። «እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።»

ሳቀና ሳይጋበዝ ተቀመጠ። ሀብታም ሆኗል፤ መጋዘን አለው፣ ሆድ አለው፣ ሚዛን አለው። ስለ ሚዛኑ ገበያው ሁሉ የሚያውቀውን ያውቃል፤ እዚያ ሚዛን ላይ ሰሊጡን አስቀምጦ ያልተቃጠለ ገበሬ የለም። አፉን ሞልቶ የሚናገረው ግን አንድም ሰው የለም።

«ልጄን ልድረው ነው» አለ። «ያ ጉባ፣ ግድቡ ላይ የሚሠራው። ከተማው ውስጥ በኮምፒውተር የሚጠልፍ ሱቅ ተከፍቷል፤ ግን የልጅቷ ወገኖች የእጅ ሥራ ካልሆነ አይወዱም አሉኝ። ዳሱ መግቢያ ላይ የሚሰቀል ሰፊ ነገር ጥለፊልኝ።»

«ምን የሚል?»

«ደግነቴን የሚናገር።»

«ታዲያ ሰፊ ጨርቅ ምን ያደርጋል?»

አልገባውም። ወይ ገብቶት አለፈው። «ከእኔ ቤት ተርቦ የወጣ እንደሌለ የሚናገር ነገር» አለኝ።

ያኔ መጣልኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እንደ ወባ ነው፣ ድንገት ነው የያዘኝ። የእኛ ፊደል አንድ ጉድ አለበት፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። ጻፊው ይጽፋል፣ አንባቢው እንደ ልቡ ያጠብቃል፣ ያላላል። የጥልፍ ክርም እንዲሁ ነው፤ ጠበቅ ካደረግኸው ጨርቁ ይኮማተራል፣ ካላላኸው አበባው ይዘረገፋል። ያን ሁሉ ዘመን ክር ሳጠብቅና ሳላላ ኖሬ ፊደልም እንደሚጠብቅና እንደሚላላ ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው።

«‹እዚህ ቤት ሰው ይበላል› ቢልስ?» አልኩት፤ ላላ፣ ለስለስ አድርጌ፣ ማር እንደተቀባ።

ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው። «እዚህ ቤት ሰው ይበላል…» አለ፣ እሱም አላልቶ። «አዎ! ማንም ይምጣ፣ ይበላል! አየሽ፣ መርፌ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትም አለሽ ለካ።»

ጠበቅ አድርጎ የሚያነብ ሰው ከመጣ ግን ተበዪው እህሉ አይደለም፤ ሰው ራሱ ነው። እሱ ወጥቶ ሲሄድ በሩን ዘጋሁና ብቻዬን ጠበቅ አድርጌ አነበብኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሳቄ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉም አንገላታኝ፤ ያም ቢሆን ደስ አለኝ።

ያን ክረምት የጠለፍኩትን ያህል በሕይወቴ ጠልፌ አላውቅም። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ውስጥ እኔ እወጋለሁ። መርፌዋን ባስገባሁ ቁጥር «እንዴት ዋልሽ?» እላለሁ፣ ባወጣሁ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» እላለሁ። ዙሪያውን ጎረቤቴ ያስተማረችኝን ወፍ ሞላሁበት፣ አንገታቸው የረዘመ፣ ክንፋቸው ቀይና አረንጓዴ። ፊደሎቹን በሰንሰለት ስፌት ሠራኋቸው። «በ» እና «ላ» ላይ ስደርስ ግን ድርብ ክር አስገባሁ፤ አንባቢውን እንዲያዘው፣ ምላሱ እዚያ ላይ እንዲጠብቅ ብዬ፣ ጥቅጥቅ አድርጌ ሞላኋቸው።

ሊወስድ ሲመጣ አየ፤ ዓይኑ የነጋዴ ነው።

«እነዚህ ሁለቱ ምነው ወፈሩ?»

«የሚበላበት ቦታ ናቸዋ። የበላ አይወፍርም እንዴ?»

«እውነት ነው» ብሎ ሆዱን መታ።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ከቀርከሃ ተሠርቶ በቅጠል ተከድኖ ነበር። ጥልፌ ከመግቢያው በላይ ተወጥሯል። እኔም የደህና ቀን ኮቴን አድርጌ፣ ሰው እያነበበ ሲስቅ ልይ ብዬ ጥግ ያዝኩ። የመጣው ሁሉ ቀና ብሎ ያነባል። «እዚህ ቤት ሰው ይበላል! እሰይ!» ይላል፣ ላላ አድርጎ፣ ይገባል፣ ይበላል። ለካ የራበው ሰው ፊደል አያጠብቅም! የወጡ ሽታ እየመጣ ማን ቅኔ ይፈታል? የቀበሌው ሰዎች ገቡ፣ አላሉት። መምህራኑ ገቡ፣ አላሉት። አንዱ ቄስ ቆም ብለው አዩት፤ አንገቴን አሰገግኩ። «ጥሩ ጥልፍ ነው» ብለው ገቡ።

የክረምት ቂሜ እንዲህ እየላላ ሲፈታ ቁጭ ብዬ አየሁ። ይባስ ብሎ ደጋሹ መሐል ቆሞ እጁን አጨበጨበ።

«ይህን ውብ ነገር የሠራችው እትዬ መርፌ ናት! ተነሺ እስቲ፣ ይዩሽ!»

ዳሱ አጨበጨበ። ኮቴን ቆልፌ ተነሳሁ። ምን ላድርግ፣ እንደ ሙሽራ እጅ ነሳሁ። ሳቁ። ስቀመጥ ጥርሴን ከመንከሴ የተነሳ አንዱ የተነቃነቀ ጥርሴ ጨርሶ ለቀቀ። በበቀል ምክንያት የወደቀው ጥርስ የእኔው ሆነ።

ከዚያ ሐጂ መጡ። ሐጂ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ሰው የሚያከብራቸው፣ ጠብ የሚያበርዱ። አማርኛ ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ በጣት እየጠቆሙ፣ እንደ ሚስማር እየመቱ ነው የሚያነቡት። ሐጂ አፍ ውስጥ የሚላላ ፊደል የለም። እጃቸውን ታጥበው መግቢያው ላይ ቆሙና ቀና አሉ።

«እ-ዚህ… ቤት… ሰው…» አሉ ጮክ ብለው። ጣታቸው የወፈረው ፊደል ላይ ደረሰ። «ይብ-በል-ላል።»

ጣታቸውን አወረዱ። ደጋሹን አዩት።

«ወላሂ? አንቺ፣ ሰው ነው የሚበላ? ማን ነው የሚበላው?»

ከወደ ኋላ አንድ የሰሊጥ ገበሬ፣ አፉ እንደሞላ፣ «ሐጂ፣ እንኳን ደህና መጡ! እኛማ ከተበላን ቆየን!» አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ ማንኪያ እየጣሉ ሳቁ። ያ የገበያው ሰው ሁሉ፣ ስለ ሚዛኑ ዝም ያለው ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ ፊደል ማጥበቅ ቻለ። «ይብበልላል!» ይላል አንዱ። «ማን ነው የሚበላው፣ አንቺ?» ይላል ሌላው፣ በሐጂ ድምፅ። አንቺ! ያንን እኔ አልጠለፍኩትም። ፈጣሪ የጨመረልኝ ነው።

ሐጂ ግራ ገብቷቸው ነው ወይስ ሆን ብለው? ጠይቄያቸዋለሁ። «እኔ አማርኛ ትንሽ ነው የማውቀው» አሉኝ። ዓይናቸው ግን ብዙ ያውቅ ነበር። በበርታኛ ቢሆን ሁላችንንም አፍ የሚያስይዙ ሰው ናቸው።

ከሠርጉ ወዲያ የደጋሹ ስም «ይብበልላል» ሆነ። ሕፃናቱ በመጋዘኑ በኩል ሲያልፉ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ አንድ ላይ ያጠብቁታል። ባለ ባጃጆቹ «ወደ ይብበልላል የሚሄድ!» ብለው ይጠራሉ። ገበሬው ሰሊጡን ሊያስመዝን ሲመጣ «ዛሬ በልተሻል ወይስ ገና ነሽ?» ይለዋል። እኔ ባለፍኩ ቁጥር ቀስ እላለሁ፤ እንዳያመልጠኝ።

ጥቂት ቆይቶ ጨርቁን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ደጄ ላይ ቆመ፤ ሳይጋበዝ አልተቀመጠም።

«ፍቺልኝ» አለ።

መርፌዬ ላይ ክር ልሰካ እየሞከርኩ ነበር፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ክሩ ቀዳዳውን አጥቶ እየዞረ ነው። እሱ ቆሞ ጠበቀ።

«ፍታልኝ» አለ።

አንተ አለኝ! ክሩ እንኳ ደንግጦ ገባ። ቀና አላልኩም ግን።

«ፍታልኝ… አያ።» የመጨረሻዋን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ነው ያወጣት።

«ምን አልክ? ጆሮዬ አርጅቷል። ቤት ውስጥ አይሰማኝም፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቢሆን ነው ደህና የሚሰማኝ። እዚያ ከሰማሁ እፈታለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ዘመን ቂም ትይዛለህ?»

«አንተ ስንት ዘመን እትዬ አልከኝ? ያን ያህል።»

ፌስታሉን መሬት ላይ ጥሎ ሄደ። ቅዳሜ ግን መጣ። ሚላያ የሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ነበርኩ። ከሸርቆሌ በሚኒባስ አንሶላቸውን ይዘው የመጡም አሉ፤ ገመዱ ላይ የተሰቀለው ወፍና አበባ እንደ መጋረጃ ይወዛወዛል። ከአንዱ አንሶላ ኋላ ብቅ አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

«አያ፣ እንደምን ዋልክ?»

«አልሰማ…»

«አያ! እንደምን ዋልክ!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ዞረ። በርበሬ የምትሰፍረው ሴት ጣሳዋን እንደያዘች ቀረች። ጎረቤቴ፣ ዛሬ እኔን የመሰለች አሮጊት፣ አንሶላዋን ዝቅ አድርጋ አየችኝና «አንቺ፣ አያ ሆነ!» አለች። እሷን ማረም አልሞከርኩም።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ» አልኩት። ልጄ ያልኩት ለማቃጠል ነው።

ሰው እንዲህ ፈጥኖ ስም ይቀይራል ብዬ አላምንም ነበር። ሰሊጡ ተሰብስቦ ሳያልቅ ከተማው «አያ መርፌ» ማለት ያዘ። መርፌውን ይውሰዱልኝ አላልኩም፤ የሠራሁበት ነው። የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ጠርቼ «በል እስቲ ለፍፍልኝ» አልኩት።

«ሳትሞት?»

«የዚያን ቀን አልሰማህም። አሁን ልስማህ።»

ሰውዬው አንገቱን ነቅንቆ «አያ መርፌ አርፏልና ቀብር ውጡ!» አለ። አርፏል! ደግሞ እንዲለው አደረግሁት። ጎረቤት ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ ቆሜ ሳቅኩላቸው።

ቃሌን ጠበቅሁ፤ ጥልፉን ፈታሁለት። እያንዳንዷን ክር በመርፌ ጫፍ እየነቀልኩ፣ ወፉን ትቼ ፊደሉን ብቻ አወጣሁ፣ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጥፌ ላክሁለት። ጥጥ ቢሆን ሲታጠብ የመርፌው ቀዳዳ ይደፈን ነበር። እሱ ግን «ጥጥ የድሃ ነው፣ ቴትሮን ይሁን፣ ያብረቅርቅ» ብሎ የመረጠው ራሱ ነው። ቴትሮን የተወጋውን አይረሳም። ፍታ አለኝ፣ ፈታሁ፤ ቀዳዳውን ድፈን ያለኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ጋበዘኝ፤ ታርቀናላ። ሚስቱ ወፎቹ አሳዝነዋት ጨርቁን የሳሎኑ መስኮት ላይ መጋረጃ አድርጋዋለች። እንግዳ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ቀትር ነው፣ የአሶሳ ፀሐይ መጋረጃውን ከኋላ ይዛዋለች፣ በየቀዳዳው ብርሃን ሾልኮ ፊደሉ አንድ በአንድ በርቷል። በ እና ላ ድርብ ክር ስለነበራቸው ከሁሉም ጎልተዋል። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ሁልጊዜም እዚያ ነው የሚቀመጠው አሉ።

«ብላ እንጂ አያ፣ ምን ታያለህ?» አለኝ።

«ፀሐይዋን» አልኩት፣ እየጎረስኩ። «ዛሬ ጠበቅ ብላለች።»